የሁሉም ወቅት ጎማ ዕድሜው የሚያልቀው መቼ ነው?

«የሁሉም ወቅት ጎማ» የሚለው ስም ሁለት ተስፋ ይሰጣል። አንደኛው በግልጽ የተነገረ ነው፦ ወቅት በተለወጠ ቁጥር ጎማ መቀያየር አያስፈልግም። ሁለተኛው ሳይነገር የሚታወቅ ነው፦ ዓመቱን ሙሉ ከመኪናው የማይወርድ ጎማ ብዙ ኪሎ ሜትር መሄድ አለበት። ገዢው ሁለቱን እንደ አንድ ተስፋ ይቀበላቸዋል። ፈታኞች ግን የሚለኳቸው ለየብቻ ነው። ጎማው መንገድ የመያዝ ኃይሉ የሚፈተነው በአብዛኛው አዲስ ሳለ ነው፤ ዕድሜው ግን የሚቆጠረው ጥርሱ እስኪያልቅ ነው። በሁለቱ ልኬቶች መካከል ያለው ጊዜ፣ ማለትም ሾፌሩ በተግባር የሚነዳበት ዘመን፣ ለረጅም ዓመታት ቁጥር ሳይሰጠው ቆይቷል። በዚህ ጎማ ዙሪያ የሚነሡት ክርክሮች አብዛኞቹ ከዚሁ ክፍተት የሚመነጩ ናቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የማን ወቅት?

በአማርኛ ክረምት ማለት ዝናብ ነው። ይህን ጎማ ለፈለሰፉት አገሮች ክረምት ማለት በረዶ ነው። ስለዚህ «ለክረምትም ለበጋም» የሚለው የሻጭ ቃል አዲስ አበባና ሚኒያፖሊስ ላይ አንድ ትርጉም የለውም። «በረዶ» የሚለው ቃላችንም ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር፣ መሬት ላይ የሚከመረውን ለስላሳ ብናኝና ረግቶ እንደ መስተዋት የሚያንሸራትተውን ግግር አንድ ላይ ይጠራል። በጎማ ፈተና ግን ብናኙና ግግሩ የተለያዩ ፈተናዎች ናቸው፤ አንዱን ያለፈ ጎማ ሌላውን ያልፋል ማለት አይደለም። እዚህ «የበረዶ ጎማ» ስንል ለብርዱ ወራት ብቻ የሚገጠመውን፣ «የበጋ ጎማ» ስንል ደግሞ ለሞቃትና ለዝናባማ አየር የተሠራውን ማለታችን ነው።

አመጣጡ

እስከ 1970ዎቹ ድረስ በሰሜን አሜሪካ በረዷማ ግዛቶች የሚኖር ባለመኪና ሁለት ዓይነት ጎማ ይዞ መኖር ግድ ይለው ነበር። የበረዶ ጎማው ጥርሱ ትልልቅና ሰፋ ብሎ የተከፈተ፣ ጩኸታምና በደረቅ አስፋልት ላይ ቶሎ የሚበላ ነበር። አንዳንዱ የብረት ችንካር ነበረው። ችንካሩ አስፋልቱን እየቆፈረ ስላስቸገረ ሚኒሶታ በ1971 ከለከለችው።

በዚያው ዘመን ሚሼሊን በ1946 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት የራዲያል አሠራር አሜሪካ ውስጥ እየተስፋፋ ነበር። በራዲያል ጎማ ውስጥ ያሉት ክሮች ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ቀጥ ብለው ይሻገራሉ፤ ከጥርሱ ሥር ደግሞ የብረት ሽቦ ቀበቶ ይዞራል። ቀበቶው ጥርሱ መሬት ሲነካ እንዳይሟሽሽና እንዳይፋተግ ስለሚያደርግ የጎማውን ዕድሜ በእጅጉ አራዘመ። እንዲህ ያለ ረጅም ዕድሜ ያለው ጎማ ከተገኘ በኋላ ነበር በየወቅቱ አውልቆ መግጠሙ አላስፈላጊ ድካም መምሰል የጀመረው። ጉድይር በ1977 ቲዬምፖ የተባለውን ጎማ የመጀመሪያው የሁሉም ወቅት ራዲያል ብሎ ለገበያ አቀረበ። ሌሎቹም ተከተሉ፤ አዲስ የአሜሪካ መኪና ከፋብሪካ የሚወጣው በአብዛኛው በዚህ ጎማ ሆነ።

አውሮፓ ዘግየት ብላ ነው የገባችበት። በጀርመን፣ በኦስትሪያና በስካንዲኔቪያ በዓመት ሁለት ጊዜ ጎማ መቀየር የተለመደ ሥርዓት ስለነበር የሁሉም ወቅት ጎማ ለብዙ ጊዜ «ከሁለት ያጣ» ተደርጎ ይታይ ነበር። ይህን አመለካከት ካናጉት አንዱ ሚሼሊን በ2015 ያወጣው ክሮስክላይሜት ነው። በበጋ ጎማ መሠረት ላይ ተሠርቶ የበረዶ ማረጋገጫ ያገኘ ጎማ ነበር።

ሁለት ምልክቶች፣ ሁለት ትርጉሞች

በጎማው ጎን ላይ የሚታተመው «ኤም ኤስ» የሚለው ምልክት ጭቃና በረዶ ማለት ነው። ብዙ ገዢ የፈተና ውጤት ይመስለዋል። ምልክቱ ግን የቅርጽ መግለጫ ነው፦ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ በቂ ከሆነና ቦዮቹ ወደ ጠርዝ ከወጡ አምራቹ ራሱ ያትመዋል። ጎማው በረዶ ላይ ተነድቶ ስለማሳየቱ የሚናገረው ነገር የለም።

በዚህ ላይ የቀረበው ቅሬታ በ1999 ሌላ ምልክት አመጣ። የአሜሪካና የካናዳ የጎማ አምራቾች ማኅበራት ሦስት ጫፍ ባለው ተራራ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበትን ምልክት አወጡ። ይህን ለማተም ጎማው በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ከአንድ መመዘኛ ጎማ ጋር ተወዳድሮ በተወሰነ መጠን መብለጥ አለበት። በአሜሪካው ዘዴ የሚለካው ጎማው ወደፊት ሲገፋ መሬቱን የሚይዝበት ኃይል ነው፤ መታጠፍ አይለካም፣ በግግር በረዶ ላይ መቆምም አይለካም። የአውሮፓ ኅብረት ለግግሩ የተለየ ምልክት በ2021 በጎማ መለያው ላይ አክሏል፤ ይህም የተራራው ምልክት ብቻውን እንደማይበቃ መቀበል ነው።

ከዚህ የተነሣ አንድ ስም በሁለት አህጉር ሁለት ነገር ሆኗል። በሰሜን አሜሪካ «የሁሉም ወቅት» የሚባለው ባብዛኛው ኤም ኤስ ብቻ ያለው ነው፤ የተራራው ምልክት ያለውን «የሁሉም አየር» ብለው ይለዩታል። በአውሮፓ ደግሞ በዚያው የሁሉም ወቅት ስም የሚሸጠው በአብዛኛው የተራራው ምልክት አለው። ሕጎቹም ወደ ተራራው አዘንብለዋል። ጀርመን ከ2018 ጀምሮ የተመረተን ኤም ኤስ ብቻ ያለው ጎማ ለበረዶ ጊዜ አትቀበልም፤ ከዚያ በፊት ለተመረቱት የሰጠችው የመሸጋገሪያ ጊዜም በመስከረም 2024 መጨረሻ አብቅቷል። የካናዳዋ ኬቤክ ግዛት ከታኅሣሥ መባቻ እስከ መጋቢት አጋማሽ የበረዶ ጎማ ታስገድዳለች፤ የምትቆጥረውም ምልክቱን ነው። ስለዚህ በሞንትሪያል ወይም በፍራንክፈርት የሚነዳ ወገን ከጎማው ስም ይልቅ ጎኑ ላይ ያለውን ተራራ ቢፈልግ ይሻለዋል።

ለምን ሁሉንም መሆን አይቻልም?

ላስቲክ ከተወሰነ ሙቀት በታች ይደርቃል፣ ከተወሰነ ሙቀት በላይ ይለሰልሳል። የበረዶ ጎማ በብርድ እንዳይደርቅ ሆኖ ይቀመማል፤ ይኸው ቅመም በሞቀ አስፋልት ላይ ለስልሶ ይሟሽሻል፣ ፍሬን ሲያዝ ይዘገያል፣ ቶሎም ያልቃል። ጥርሱ ላይ የሚሰነጠቁት ስስ ክፍተቶችም እንዲሁ ናቸው። በረዶን ለመንከስ ይጠቅማሉ፣ ነገር ግን ጥርሱን ያላሉታል።

የሙያው ሰዎች በውኃ ላይ መያዝን፣ ሲንከባለል የሚባክነውን ጉልበትና ዕድሜን እንደ አንድ ሦስት ማዕዘን ያያሉ፦ አንዱን ጫፍ ሲስቡ ሌላው ይሸሻል። ሚሼሊን በ1992 ከካርቦን ጥቁር ዱቄት የተወሰነውን በሲሊካ የተካ ጎማ ሲያወጣ ማዕዘኑ ሰፋ፤ በውኃ ላይ መያዝን ሳይጎዳ ነዳጅ መቆጠብ ተቻለ። ሆኖም ማዕዘኑ ሰፋ እንጂ አልጠፋም። የሁሉም ወቅት ጎማ ደግሞ አራተኛ ጫፍ፣ ማለትም በረዶን፣ ይጨምርበታል። «አሁን ያለው ቴክኖሎጂ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መክፈልን አስቀርቷል» በሚሉትና «አሁንም ከሁለት ያጣ ነው» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት የሚጠበው የትኛው ጫፍ እንደተከፈለ ሲጠየቅ ነው። በአሜሪካ ገበያ ረጅም ኪሎ ሜትር ተስፋ የሚሰጡት ብዙውን ጊዜ የሚከፍሉት ከበረዶና ከእርጥብ መንገድ ነው። የተራራውን ምልክት የያዙት ደግሞ ከዕድሜያቸው ጥቂት ይከፍላሉ።

ዕድሜን የሚቆጥሩ ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው የመንግሥት ደረጃ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1966 ባወጣው የመኪና ደኅንነት ሕግ ወጥ የሆነ የጎማ ደረጃ እንዲዘጋጅ አዘዘ፤ ደረጃው ሥራ ላይ የዋለው ግን ከብዙ ክርክር በኋላ በ1970ዎቹ መጨረሻ ነበር። ጎማዎቹ ቴክሳስ ውስጥ በሳን አንጀሎ ከተማ ዙሪያ በተመረጠ 640 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን መንገድ ላይ ከመመዘኛ ጎማ ጋር በሰልፍ ይነዳሉ። ጠቅላላው ጉዞ 11,600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቀሪው ዕድሜ በስሌት ይገመታል። 100 ቁጥር መነሻ ነው፤ 400 የተጻፈበት ጎማ በዚያ መንገድ ላይ አራት እጥፍ ይቆያል ማለት ነው።

ይህን ቁጥር የሚነቅፉት ሦስት ነገር ያነሣሉ። አንደኛ፣ ቁጥሩን ለጎማው የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ነው፤ ከተገኘው ውጤት ዝቅ አድርጎ ማተምም ይችላል። ስለዚህ የሁለት ኩባንያ 500ዎች አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ጥርስ ሲያጥር ይጠነክርና አበላሉ ይለወጣል፤ ከመጀመሪያው ጥቂት ጉዞ ሙሉውን ዕድሜ ቀጥታ መገመት አስተማማኝ አይደለም። ሦስተኛ፣ በፈተናው መንገድ የተገኘ ንጽጽር በሌላ መንገድ ላይ ላይጸና ይችላል። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤትም በ1983 ውጤቱ ከፈተና ፈተና ይለያያል ብሎ የዕድሜውን ቁጥር አግዶት ነበር። የሸማቾች ተሟጋች የሆነው ፐብሊክ ሲቲዝን ከሰሰ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ1984 እገዳውን ሻረው። ቁጥሩ ዛሬም ጎማው ላይ አለ፤ ያኔ የተነሣው ጥያቄም አብሮት አለ።

በዚያው ደረጃ ውስጥ ስለ መያዝ የሚናገረው ፊደል ከዚህም የጠበበ ነው። ከ«ኤኤ» እስከ «ሲ» የሚሰጠው ፊደል የሚለካው በእርጥብ አስፋልትና ኮንክሪት ላይ ቀጥ ብሎ ፍሬን መያዝን ብቻ ነው። መታጠፍም፣ በውኃ ላይ መንሳፈፍም አይካተቱም። የበረዶ ጎማ ደግሞ ጭራሹን ከደረጃው ውጪ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የአምራቹ ዋስትና ነው። «100 ሺህ ኪሎ ሜትር» የሚለው ቁጥር የፈተና ውጤት ሳይሆን የሽያጭ ውል ነው። ጎማው ቀድሞ ካለቀ የሚመለሰው ገንዘብ ካልተነዳው ኪሎ ሜትር አንጻር እየተሰላ ነው፤ የፊትና የኋላ ጎማ በጊዜው መቀያየሩን የሚያሳይ ማስረጃም ይጠየቃል። የዋስትናው ደጋፊዎች አምራቹ ገንዘቡን ያስያዘበት ቁጥር ስለሆነ ከደረጃው ይልቅ ይታመናል ይላሉ። ተቺዎቹ ደረሰኝ አስቀምጦ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት መሆኑ አስቀድሞ ተሰልቶበታል ይላሉ።

ሦስተኛው ነጻ ፈተና ነው። ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ተቋም ጎማዎችን በቴክሳስ ምዕራብ 25,700 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳቸዋል፣ ጥርሱን እየለካም ከዋስትናው ጋር ያስተያያል። የጀርመኑ የባለመኪኖች ማኅበር አዳክ ደግሞ ጎማዎቹን በደረቅ፣ በእርጥብ፣ በበረዶና በግግር ላይ ይፈትናል፤ ከ2023 ወዲህ 30 ከመቶውን ነጥብ ለአካባቢ ጉዳትና ለዕድሜ፣ 70ውን ለደኅንነት ይሰጣል። ይህ የነጥብ አከፋፈል ራሱ አቋም ነው። ለደኅንነት ብቻ ነጥብ ቢሰጥ ቶሎ የሚያልቅ ጎማ ሊያሸንፍ ይችላል፤ ለዕድሜ ብቻ ቢሰጥ ደግሞ ድንጋይ የመሰለ ጎማ ያሸንፋል። የአሜሪካውና የጀርመኑ ፈታኝ አንዱን ጎማ በተለያየ ደረጃ ቢያስቀምጡት የግድ አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም፤ የጠየቁት ጥያቄ ይለያያል።

«አላለቀም» የሚባለው ጎማ

አዲስ የቤት መኪና ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በአውሮፓና በአብዛኛው የአሜሪካ ግዛቶች ሕጉ 1.6 ሚሊ ሜትር እስኪደርስ ይፈቅዳል። የዕድሜ ቁጥሮችም የሚታሰቡት እስከዚያ ነው። ጎማው ግን ሥራውን የሚያቆመው ከዚያ በፊት ነው የሚሉ አሉ። የአሜሪካው የባለመኪኖች ማኅበር ትሪፕል ኤ በ2018 ባወጣው ጥናት ጥርሱ ወደ 3.2 ሚሊ ሜትር የወረደ ጎማ በእርጥብ መንገድ በሰዓት 97 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ለመቆም የሚወስደው ርቀት በአማካይ 43 ከመቶ ረዝሟል፤ 26 ሜትር ያህል ማለት ነው። ያ ጎማ በሕግ ፊት ከሚበላው ጥርሱ ገና ሩብ ያህል ይቀረዋል።

ምክንያቱ ውኃ ነው። ጥርሱ ውኃውን መጥጦ ማስወጣት ሲያቅተው ጎማው ከመሬት ይነሣል። የናሳ ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ መጀመሪያ እንዳሳዩት ያኔ መንሳፈፉ የሚጀምርበትን ፍጥነት በዋናነት የሚወስነው የጎማው ንፋስ ነው፦ 30 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ በሰዓት 91 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይንሳፈፋል። ውኃው ጎርፎ መንገዱን በሸፈነበት የሐምሌ ከሰዓት በኋላ ሙልጭ ያለ ጎማ መርገምት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ታዲያ ዝቅተኛው ልክ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይነሣ ወይ? ሚሼሊን አይሆንም ከሚሉት ዋነኛው ነው፦ ጥሩ የተሠራ ጎማ እስከ 1.6 ድረስ ያገለግላል፣ ልኩን ማንሣት ደኅና ጎማ ማስጣል ነው፣ ይልቅ ጎማው ካለቀ በኋላ ይፈተን ይላል። ስሌቱ የክርክሩን ክብደት ያሳያል። ከ8 እስከ 1.6 ያለው የሚበላ ጥርስ 6.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ3 ላይ ከተጣለ ከአምስት እጅ አንዱ ይባክናል። ሚሼሊን ጎማ ሻጭ ሆኖ ጎማ ቶሎ አይጣል ማለቱ የጥቅም ክርክር አይመስልም፤ ግን ካለቀ በኋላ በሚደረግ ፈተና የሚያሸንፈው ውድ ጎማ የሚሠራ አምራች መሆኑም መዘንጋት የለበትም። የአውሮፓ ሕግ በከፊል ወደዚህ ሐሳብ ሄዷል፤ ያለቀ ጎማ በእርጥብ መንገድ የመያዝ ፈተና ወደ ደንቡ ገብቷል።

በበረዶ በኩል ነገሩ ይብሳል። በኦስትሪያ ሕግ ጥርሱ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ራዲያል ጎማ የበረዶ ጎማ መሆኑ ያበቃል። የሁሉም ወቅት ጎማ በ4 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ ከሚበላው ጥርሱ ከሦስት እጅ አንዱ በላይ ገና አለ። ከዚያ ነጥብ በኋላ ስሙ የሁሉም ወቅት እንደሆነ ይቀጥላል፣ አገልግሎቱ ግን የበጋ ጎማ ነው። ይህን የሚናገር ቁጥር ጎኑ ላይ አልታተመም።

መንገዱ፣ ሾፌሩና ፀሐይ

ጎማ የሚበላው መሬት ላይ በመንከባለሉ ሳይሆን በመንሸራተቱ ነው። በየመታጠፊያው፣ በየፍሬኑ፣ በየመነሻው ጥርሱ በትንሹ ይፋተጋል። ስለዚህ አንዱ ጎማ በቀጥታ አገር አቋራጭ መንገድና በከተማ ጥድፊያ እጅግ የተለያየ ዕድሜ ይኖረዋል። ንፋሱ ሲያንስ ጠርዙ፣ ሲበዛ መካከሉ ይበላል፤ አላይመንቱ ከተዛባ አንድ ጎኑ ብቻ ያልቃል። ኮረኮንች ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይደርሳል፦ ጥርሱ ከመሳሳት ይልቅ ይቆራረጣል፣ ይሸራረፋል። በቴክሳሱ አስፋልት ላይ የተገኘ 600 ቁጥር ስለዚህ ዓይነቱ ጉዳት ምንም አይልም። ጎሚስታው ጎማውን ገልብጦ በጣቱ የሚዳስሰውን ቁጥሩ አይዳስስም።

ፀሐይና አየርም ላስቲክን ያስረጃሉ። ጥቂት የሚነዳ መኪና ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው ሊሰነጠቅ ይችላል። ከ2000 ጀምሮ በተሠሩ ጎማዎች ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች የምርቱን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፦ 2319 ማለት የ2019 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ነው። መቼ ይጣል በሚለው ላይ ስምምነት የለም። አንዳንድ የመኪና አምራቾች 6 ዓመት ይላሉ፤ የጎማ አምራቾች ብዙውን ጊዜ እስከ 10 ዓመት ይሄዳሉ። በባሕረ ሰላጤው ሙቀት ይህ ጥያቄ ከጥርሱ ጥያቄ ሊቀድም ይችላል።

አዲሱ ክርክር፦ የተበላው የት ይሄዳል?

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ጥያቄው ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል የሚል ብቻ ነበር። አሁን የጠፋው ላስቲክ የት ገባ የሚል ተጨምሯል። አዳክ እንደለካው አንድ መኪና በ1,000 ኪሎ ሜትር በአማካይ 120 ግራም ገደማ ላስቲክ ይጥላል። በ2020 በሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ ጎማን ከኦዞን ለመጠበቅ የሚጨመረው ኬሚካል ተለውጦ በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ወንዞች ኮሆ የተባለውን የሳልሞን ዓሣ እንደሚገድል አሳየ። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባጸደቀው ዩሮ 7 ደንብ የጎማ ብናኝ ገደብ ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቷል።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። የሚጠፋ ክብደትና የሚጠፋ ቁመት አንድ አይደሉም። ጥርሱ ጥልቅና ሰፊ የሆነ ጎማ ብዙ ብናኝ እየጣለም ረጅም ርቀት ሊሄድ ይችላል፤ ሌላው ጥቂት ጥሎ ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። «ረጅም ዕድሜ ያለው ጎማ ለአካባቢ ይሻላል» የሚለው ስለዚህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪናም ጥያቄውን ያከብደዋል፦ ባትሪው ክብደት ይጨምራል፣ ሞተሩም ሙሉ ጉልበቱን ከመነሻው ይሰጣል። በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ላገደችው ኢትዮጵያ ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም።

ያልተቋጨው

እስካሁን ያለው ማስረጃ ሲጠቃለል የሁሉም ወቅት ጎማ አንድ ዕድሜ ሳይሆን አራት ዕድሜ አለው፦ የበረዶ፣ የውኃ፣ የላስቲክና የጥርስ። አራቱ በአንድ ቀን አያልቁም፤ የትኛው እንደሚቀድም የሚወስነው ቦታው ነው። ቪየና ላይ የበረዶው ይቀድማል። አዲስ አበባ ላይ የበረዶው የማያገለግል ጌጥ ነው፤ በሐምሌ የሚቀድመው የውኃው ነው። ሪያድ ውስጥ ቆሞ በሚውል መኪና ላይ የላስቲኩ ሊቀድም ይችላል። በእርጥብ መንገድ የሚደረገው ያለቀ ጎማ ፈተና ከእነዚህ አንዱን መቁጠር ጀምሯል፤ በበረዶ ላይ ያለቀ ጎማ እንዴት ይፈተን የሚለውና እርጅናን በምን እንለካ የሚለው ገና ክፍት ነው። ጎማው ጎን ላይ የታተመው የዕድሜ ቁጥር የሚቆጥረው አራተኛውን ብቻ ነው፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ከሁሉ በኋላ የሚያልቀው ነው።